ላፕቶፕን ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ አብሮት በመጣው መመርመሪያ የሃርድዌሩን ጤንነት መፈተሽ

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ፣ በሥራ መሀል ሲጠፋ ወይም ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆኖ ራሱን ሪስታርት ሲያደርግ፣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ፎርማት ማድረግን ነው። ችግሩ የሶፍትዌር ከሆነ ፎርማቱ ሊፈታው ይችላል። የራም (ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ መረጃን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ወይም የዲስክ ብልሽት ከሆነ ግን አዲስ የተጫነው ሲስተምም በዚያው ሕመም መታመሙ አይቀርም፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ በተዳከመ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ መጻፍ፣ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ፋይሎችን ይዞ መሄዱ ነው። ስለዚህ ፎርማት ከመወሰኑ በፊት አምራቹ በማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠውን መመርመሪያ ማስኬድ ተገቢ ነው። ይህ መመርመሪያ ዊንዶውስ ከመነሣቱ አስቀድሞ በራሱ ስለሚሠራ፣ እዚያ ላይ የሚታይ ብልሽት በሲስተሙ ወይም በቫይረስ ሊሳበብ አይችልም።

ከሁሉ በፊት አስፈላጊ ፋይሎችን ባክአፕ ያድርጉ። የዲስክ ምርመራ ፋይል አያጠፋም፤ ነገር ግን ረጅሙ ምርመራ መላውን ዲስክ ስለሚያነብ፣ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ በዚያ ጫና መሀል ጨርሶ ሊቆም ይችላል። ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጡ፤ በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ቁጥሩን ሊያስጠይቅ ይችላልና። ከዚያም ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ፍላሹንና ውጫዊ ዲስኩን ነቅላችሁ፣ ላፕቶፑን አየር በሚያገኝበት ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ላይ አኑሩት።

የመግቢያው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል። በዴል ላፕቶፖች ማሽኑ ሲበራ ኤፍ 12ን ደጋግሞ በመጫን ከሚመጣው ዝርዝር ዳያግኖስቲክስን መምረጥ ነው። በኤችፒ ኢስኬፕን ደጋግሞ ተጭኖ፣ ሜኑው ሲመጣ ኤፍ 2ን መጫን ያስፈልጋል። በአፕል ሲሊከን (አፕል ራሱ በነደፈው ቺፕ) የሚሠራ ማክ ከሆነ፣ የማስጀመሪያ አማራጮች እስኪታዩ ድረስ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ፣ ከለቀቁ በኋላ የኮማንድን ቁልፍና የዲ ፊደልን አብሮ መያዝ ነው፤ ኢንቴል ባለው ማክ ደግሞ ሲበራ የዲ ፊደልን ብቻ ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

መመርመሪያው ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ረጅም ምርመራ ያቀርባል። አጭሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፣ ረጅሙ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ልዩነቱም ከጊዜው በላይ ነው። የራሴ ላፕቶፕ በቀን አንዴ ያለ ምክንያት ሪስታርት ያደርግ በነበረበት ወቅት አጭሩን ምርመራ ሁለት ጊዜ ያለ እንከን አለፈ፤ እኔም ውጤቱን አምኜ ፎርማት አደረግሁት፣ ችግሩ ግን በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ረጅሙን የራም ምርመራ ማታ አስጀምሬ ስተኛ፣ ጠዋት ስክሪኑ ላይ የራም ስሕተት ተመዝግቦ አገኘሁ። ሁለት ራም ስለነበረው አንዱን እያወጣሁ ለየብቻ ብፈትሻቸው፣ ስሕተቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ከአንዱ ብቻ ሆነ። ብልሽት ያሳየ ምርመራ ሊታመን ይገባዋል፤ «አልፏል» የሚለው ቃል ግን በዚያች ሰዓት ብልሽቱ አልታየም ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሠት ወይም ማሽኑ ሲግል የሚመጣ ችግር ካለ ምርመራው ማሽኑ ሞቆ ሳለ መደገም አለበት።

አምራቹ መመርመሪያ ያላስቀመጠበት ላፕቶፕ ከሆነ፣ ዊንዶውስ የራሱ የሜሞሪ መመርመሪያ አለው። በመፈለጊያው ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍና ሪስታርት እንዲያደርግ መፍቀድ ነው። ምርመራው ሲጀምር ኤፍ 1ን ከተጫኑ ኤክስቴንድድ የሚለውን ጠንከር ያለ አማራጭ መምረጥ ይቻላል።

ለዲስክ፣ በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያም የላቁ የስቶሬጅ አማራጮች ውስጥ ዲስኮች የሚለውን ከፍቶ የዲስኩን ፕሮፐርቲስ ማየት ይቻላል። ዲስኩ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን የዲስክ ዓይነት) ከሆነ የቀረው ዕድሜ በመቶኛ፣ የተጠባባቂ ቦታው መጠንና ሙቀቱ እዚያው ይታያሉ።

ባትሪ ግን በቁጥር የሚናገር ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባዋል። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍታችሁ ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትታችሁ ወደ ፊት ያዘነበለውን ሰረዝ፣ ቀጥሎም ባተሪሪፖርት የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ አንድ ቃል አስከትሉና ኢንተር በሉ። ሪፖርቱ የት እንደተቀመጠ እዚያው ይጻፋል፤ በብራውዘር ይከፈታል። በውስጡ ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ባትሪው ሲሠራ የታቀደለት መጠን ሲሆን፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው ነው። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 34,000 ቢሆን፣ 34,000ን ለ50,000 ስናካፍል ባትሪው የቀረው 68 በመቶ አቅሙ መሆኑን እናውቃለን። ማክ ላይ የቻርጅ ዙሩ (ባትሪው በድምሩ ሙሉ አቅሙን አንዴ የሚጨርስበት) ብዛት በሲስተም ኢንፎርሜሽን፣ ፓወር በሚለው ሥር ይገኛል፤ የአብዛኞቹ ዘመናዊ ማክቡኮች ጣሪያ 1000 ዙር ነው።

ምርመራው ኮድ ካወጣ፣ ሳይጠፋ በስልክ ፎቶ አንሡት። በማክ ኤዲፒ 000 ችግር አልተገኘም ማለት ነው፤ በዴል 2000-0142 ዲስኩ የራሱን ፍተሻ አላለፈም ማለት ሲሆን፣ ይህ ከታየ ቀጣዩ ሥራ ሌላ ምርመራ ሳይሆን ፋይል ማውጣት ነው። ለጥገና ባለሙያ ኮዱን ማሳየት «ይንቀራፈፋል» ከማለት እጅግ የተሻለ መነሻ ይሰጠዋል።

የባትሪ ማበጥን እነዚህ መመርመሪያዎች አይለኩትም። ተችፓዱ ከቦታው ከፍ ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወላወል ከሆነ፣ ሪፖርቱ ያማረ ቁጥር ቢያሳይም ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ከቻርጀር ነቅላችሁ፣ ባትሪውን ሳትነኩ ለባለሙያ ስጡት።