የጉበት ስብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አልትራሳውንድ የተነሡት ለኩላሊት ጠጠር ወይም ለሐሞት ከረጢት ነው፤ ውጤቱ ላይ ግን «ጉበት ላይ ስብ ይታያል» የሚል ያልተጠበቀ መስመር ተጽፏል። ብዙ ሰው የጉበት ስብ እንዳለበት የሚያውቀው እንዲህ ነው። ከዚያ አንዱ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከታል፣ ሌላው በሳምንቱ «ጉበት የሚያጸዳ» ዱቄት ገዝቶ መበጥበጥ ይጀምራል። ሁለቱም «ጉበቴ ላይ ጠባሳ አለ ወይ?» ብለው አልጠየቁም። ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ከስቡ ብዛት ይልቅ ጠባሳው ነው፤ ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡትም ይህን ከመዘንጋት ነው።

«ምንም አያመኝም» ብሎ መተው

ጉበት ውስጡ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ሽፋኑ ሲለጠጥ ነው። በቀኝ ጎድን ሥር ትንሽ የመክበድ ስሜት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ካልሆነ በቀር ለዓመታት ምልክት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ምልክት ከመጠበቅ እነዚህን መለኪያዎች ማየት ይሻላል፦ የወገብ ዙሪያ በወንድ ከ94፣ በሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ፤ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ፤ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ስብ) 150 እና ከዚያ በላይ፤ የደም ግፊት 130/85 እና ከዚያ በላይ። 2ኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ምንም ባይሰማውም ጉበቱን መታየት አለበት።

ወገብ የሚለካው ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አይደለም። ቆመው፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ላይ ሜትሩን ያዙሩ፤ አየር በቀስታ ካስወጡ በኋላ ያንብቡ። ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ መለካት ሜትሩን እንጂ ጉበቱን አያታልልም። «እኔ ቀጭን ነኝ» የሚለውም ማስተማመኛ አይሆንም፤ ክብደታቸው ልከኛ ሆኖ ስቡ ሆዳቸው አካባቢ የተከማቸ ሰዎችም ይታመማሉ።

በኢንዛይም ውጤት መጽናናት

ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም (አንዳንድ ወረቀት ላይ ኤስጂፒቲ ይባላል) ኖርማል ሆኖ የጉበት ስብ፣ አልፎም ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ብዙ ላብራቶሪዎች ጣሪያውን 40 ወይም ከዚያ በላይ ያደርጉታል፤ ጤነኛ ጉበት ያለው ወንድ ግን ከ33፣ ሴት ከ25 ባይበልጥ ነው የሚጠበቀው። ሌላም ነገር አለ፦ ጠባሳው እየከፋ ሲሄድ ኤኤልቲ ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ 80 የነበረው 35 ሲሆን ከመደሰት በፊት ክብደት ቀንሷል ወይ፣ ስኳሩ ተስተካክሏል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምንም ሳይለወጥ ብቻውን ከወረደ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

«ግሬድ 1 ስለሆነ ችግር የለውም»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ የታካሚ ብቻም አይደለም፣ ከባለሙያም አፍ ይሰማል። አልትራሳውንድ ላይ የሚጻፈው ግሬድ 1፣ 2፣ 3 ጉበቱ ምን ያህል ነጥቶ እንደታየ ነው የሚናገረው፤ ማለትም ስለ ስቡ። ጠባሳ የሚለካበት ደረጃ ሌላ ነው፤ ከኤፍ 0 ተነሥቶ እስከ ኤፍ 4 ይደርሳል፣ ኤፍ 4 ሲሮሲስ ነው፤ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ የጠነከረበት ደረጃ። አንዱን ቁጥር አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። ግሬድ 3 ተብሎ ጠባሳ የሌለበት ሰው አለ፤ ግሬድ 1 ተብሎ «ትንሽ ስብ ናት» በሚል ቃል ተሸኝቶ ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ የተጠጋ ሰውም አለ። እንዲያውም ጠባሳው ሲበረታ ስቡ ሊቀንስ ስለሚችል «ባለፈው ግሬድ 2 ነበር፣ አሁን 1 ሆነ» የሚለው ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። በሽታው መኖሩ የሚቆጠረው ስቡ ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ ሲይዝ ነው፤ ተራ አልትራሳውንድ ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ካልደረሰ ሊያመልጠው ይችላል። ይህን ሁሉ ጉድለት ይዞ የሰውን ዕጣ እንዲወስን መፍቀድ አያስኬድም።

በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው፣ ጠባሳውን የሚገምተው ቁጥር ፊብ-4 ይባላል። የተለየ ምርመራ አይፈልግም። ዕድሜ፣ ኤኤስቲ (ሌላ ኢንዛይም)፣ ኤኤልቲና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ይበቃሉ፤ እነዚህ ደግሞ በተለመደው የደም ምርመራ ላይ የሚገኙ ናቸው። ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዙ። ፕሌትሌትን በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ያባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ።

ለምሳሌ ዕድሜ 52፣ ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕሌትሌት 180 ሺህ ይሁን። 52 ሲባዛ በ48 2,496 ነው። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው፤ 180 ሲባዛ በ8 1,440 ይሆናል። 2,496 ለ1,440 ሲካፈል 1.73 ይመጣል። ፕሌትሌት 180,000 ተብሎ ከተጻፈ ስሌቱ ውስጥ የሚገባው 180 ብቻ ነው፤ ሙሉውን አስገብተው «ዜሮ ነጥብ ዜሮ መጣልኝ» ብለው የሚደሰቱ አሉ። የዚሁ ሰው ፕሌትሌት 260 ሺህ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 1.2 ይሆን ነበር። ፕሌትሌት ይህን ያህል የሚመዝነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ጠባሳው በጉበት ውስጥ የሚያልፈውን ደም ሲያግደው ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕሌትሌትን አጉሮ ይይዛል። በየዓመቱ ከ240 ወደ 200፣ ከ200 ወደ 160 የሚንሸራተት ፕሌትሌት፣ ላብራቶሪው በቀይ ባያሰምርበትም፣ ያሳስባል።

ፊብ-4 ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ስኳር ወይም ሌላ ተጓዳኝ ችግር ያለበት ሰው ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ይደግመዋል። ከ1.3 እስከ 2.67 ከሆነ ቀጣዩ ፋይብሮስካን፣ ማለትም የጉበትን ጥንካሬ ከውጭ የሚለካው ምርመራ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር የጉበት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው የታችኛው መስመር ከ1.3 ወደ 2.0 ከፍ ይላል፤ ከ35 ዓመት በታች ላለ ሰው ስሌቱ አያስተማምንም። ትኩሳት ላይ እያሉ ወይም ከባድ ስፖርት በሠሩ ማግስት የተሰጠ ደምም ያሳስታል፤ ኤኤስቲ ከጡንቻም ይወጣልና።

ፋይብሮስካን ላይም ያው ግራ መጋባት ይደገማል። መሣሪያው ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ካፕ የሚባለው ስቡን፣ በኪሎፓስካል የሚጻፈው የጉበቱን ጥንካሬ ይለካል። ሰው ዓይኑን የሚጥለው ካፕ ላይ ነው፤ መታየት ያለበት ኪሎፓስካሉ ነው። ከ8 በታች በአብዛኛው ያረጋጋል፣ ከ12 በላይ የከፋ ጠባሳን ያስጠረጥራል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት አለመብላት ግድ ነው፤ ጠግቦ የገባ ሰው ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይልበታል። የልብ ድካምና የሐሞት መስመር መዘጋትም እንዲሁ ከፍ ያደርጉታል።

ዘይት አቁሞ ጭማቂ መጠጣት

«ስብ» የሚለው ስም ሰውን ያሳስተዋል። ታካሚው ዘይቱንና እንቁላሉን ይተውና በምትኩ ጭማቂ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ ያበዛል። ጉበት ግን ስቡን ራሱ ይሠራል፤ በተለይ ከፍሩክቶስ፣ ማለትም ከስኳር ግማሽ ከሚሆነው ክፍል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ምንም ያልተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂም በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ከ20 ግራም ያላነሰ ስኳር ይይዛል፤ ፍሬውን ከነሥጋው መብላትና ሦስት አራት ፍሬ ጨምቆ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት አንድ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ መተው የሚችል ሰው የሚጠጣውን ስኳር ይተው። ዘይትን በተመለከተ ዓይነቱ ነው የሚታየው፦ ቅቤና የሰባ ሥጋ ይቀነሳል፣ የወይራ ዘይት፣ ዓሣና ለውዝ ግን በልኩ ሲሆን ይደገፋል። ቡና ለጉበት ጥሩ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ስኒ የሚጠጡ ሰዎች ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ ይታያል። ስኳሩን ከጨመሩበት ግን ያገኙትን መልሰው ሰጡት።

ክብደትን በአንድ ወር ለማራገፍ መሞከር

90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሒሳቡ ይህ ነው፦ 5 በመቶ ማለት 4.5 ኪሎ ሲሆን ስቡን ይቀንሳል፤ ከ7 በመቶ ማለትም ከ6.3 ኪሎ ጀምሮ ስቡ በጉበት ላይ የሚያስነሣው ብግነት (መቆጣት) ይበርዳል፤ 10 በመቶ ማለትም 9 ኪሎ ሲደርስ ጠባሳውም የመመለስ ዕድል ያገኛል። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን። በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል፤ ከሰውነት በብዛት የሚለቀቀው ስብም ጉበት ላይ ያርፍና ብግነቱን ሊያባብሰው ይችላል። በጭማቂ ብቻ 10 ቀን መቆየት የሚባለው ዘመቻ ሁለቱንም ጥፋት ያመጣል፤ አብሮ የሚሄደው ጡንቻ ነው፣ የሚመለሰው ግን ስብ ነው።

ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል እንቅስቃሴውን ማቆምም ሌላ ስህተት ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ኪሎ ባይቀንስም እንኳ፣ የጉበትን ስብ ይቀንሳል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ክብደት ማንሣትም ይሠራል።

መድኃኒት ላይ የሚደረጉ ስህተቶች

«ጉበት ያጸዳሉ» የሚባሉ ዱቄቶችና እንክብሎች ላይ ገንዘብ አያውጡ። ከነዚህ ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ነገሮች፣ ለምሳሌ የተጠመቀ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል፣ የእርድ እንክብልና አሽዋጋንዳ፣ ራሳቸው የጉበት ጉዳት አድርሰዋል። ቫይታሚን ኢም ከመደብር አንሥቶ የሚዋጥ አይደለም። በቀን 800 ዩኒት የተሞከረው ከጉበት በተወሰደ ናሙና ብግነቱ በተረጋገጠ፣ ስኳር በሌለባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ በፕሮስቴት ካንሰርና በአንጎል ደም መፍሰስ በኩልም ሥጋት አለው።

ስታቲን ማቋረጥ የሚያናድድ ስህተት ነው። «ጉበቴ ታሟል፣ የኮሌስትሮል ክኒን ጉበት ይጎዳል» ተብሎ ይጣላል። የጉበት ስብ ያለበትን ሰው ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው፤ ስታቲን ደግሞ ከዚያ ይጠብቃል። ሆድ ውሃ እስከመቋጠር የደረሰ ሲሮሲስ ካልሆነ በቀር ለጉበት ሕመምተኛ ይሰጣል።

ሜትፎርሚን ስኳርን ያስተካክላል፣ የጉበቱን ብግነትና ጠባሳ ግን አያሻሽልም፤ «ለጉበቴ እየወሰድኩ ነው» የሚል ሰው ሌላውን ሥራ ትቶታል ማለት ነው። ለጉበቱ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ፦ በአሜሪካ ሬስሜቲሮም በመጋቢት 2024፣ ሴማግሉታይድ በነሐሴ 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተፈቅደዋል፤ ሁለቱም ብግነት ኖሮ ጠባሳው ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 3 ለደረሰ ሰው እንጂ ለተራ ስብ ወይም ለሲሮሲስ አይደሉም።

መጠጥን «አልፎ አልፎ» እያሉ አለመቁጠር

በስሜት ሳይሆን በግራም ይቁጠሩ፦ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ አባዝተው በ100 ያካፍሉ፣ ከዚያ በ0.8 ያባዙ። ግማሽ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 20 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። በቀን ከ20 ግራም በላይ ለሴት፣ ከ30 በላይ ለወንድ ከሆነ መጠጡ ራሱ የሕመሙ አካል ነው። ጠባሳ ላለበት ሰው ደግሞ ልክ የሚባል ነገር የለም፤ ፈጽሞ ማቆም ነው።

ሌላውን ምክንያት ሳይፈልጉ ማለፍ

ስብ መታየቱ ሌላ ሕመም እንደሌለ አያረጋግጥም። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደረግ «ስብ ነው» ተብሎ መዝገብ መዝጋት አይገባም፤ ቢ ካልተገኘ መከተብ ነው። የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ታሞክሲፈን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አሚዮዳሮን፣ ቫልፕሮትና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕረድኒሶሎን ጉበት ላይ ስብ ያመጣሉ። በራስ ፈቃድ ግን አያቋርጧቸው።

ሲሮሲስ ከመጣ በኋላም በድሮው ምክር መቀጠል

ኤፍ 4 ላይ ብዙው ነገር ይቀየራል። ፕሮቲን መቀነስ የተሻረ ምክር ነው፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልጋል። ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ጡንቻን ስለሚበላ ከመኝታ በፊት ትንሽ መብላት ይመከራል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊትን ስለሚጎዱና ደም ስለሚያፈስሱ ይቀራሉ፤ ሕመም ሲኖር ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ ይሻላል። የጉበት ካንሰርን ቀድሞ ለመያዝ አልትራሳውንድ በየ6 ወሩ ይደረጋል፤ ጥሩ ስለተሰማ አይዘለልም። የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሆድ ማበጥ ሲጀምር በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ደም ማስመለስ፣ የሰገራ መጥቆር፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃትና መደናገር ከታየ ግን «እስኪ ይንጋ» አይባልም፤ የዚያኑ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው።