ስለ ዋልታ በረዶ፣ ስለ ውሃና ስለ አየር ንብረት በክፍል ውስጥ እንዴት በሙከራ ማስተማር ይቻላል?

በአማርኛ በረዶ የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል፤ ቆርቆሮውን እያንኳኳ የሚወርደውም፣ ፍሪዘር ውስጥ የረጋውም፣ በቴሌቪዥን የሚታየው ነጭ ብናኝም ሁሉም በረዶ ይባላል። ስለ ዋልታዎች የሚያስተምር መምህር ይህን አስቀድሞ ካላጠራ ተማሪዎቹ በኋላ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ስሞችን በሰሌዳ ላይ ለይቶ መጻፍ ነው። አንደኛው የባሕሩ ውሃ ራሱ ረግቶ የሚንሳፈፈው የባሕር በረዶ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በየብስ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደ አመዳይ ተደራርቦና ተጠቅጥቆ የፈጠረው የበረዶ ግግር ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ፣ አንታርክቲካ ግን በውቅያኖስ የተከበበ አህጉር መሆኑም በካርታ ላይ ይታይ። ነገሩ እጅግ የራቀ ለሚመስላቸው ተማሪዎች፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ላይም የበረዶ ግግር እንደነበረ መንገር ትኩረታቸውን ይስባል።

ቀጥሎ የትምህርቱ ዋና ሙከራ ይመጣል። ሁለት ተመሳሳይ፣ ውስጣቸው የሚታይ ዕቃዎችን አዘጋጁና በእያንዳንዳቸው ውስጥ እኩል የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። በአንደኛው ዕቃ ድንጋዩ ከውሃው በላይ እንዲቀር አድርጋችሁ ውሃ ጨምሩና በረዶውን ከድንጋዩ ላይ አኑሩ፤ በሁለተኛው ያንኑ ያህል በረዶ ውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። በረዶው ከገባ በኋላ የሁለቱን ውሃ ከፍታ እኩል አድርጋችሁ በፕላስተርና በእስክሪብቶ ምልክት አኑሩ። ትምህርት ቤቱ ማቀዝቀዣ ከሌለው በረዶውን ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ ከቤት ማምጣት ይቻላል።

በረዶው መቅለጥ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የትኛው ውሃ ከፍ እንደሚል ግምቱንና ምክንያቱን በደብተሩ ይጻፍ። ይህን ደረጃ መዝለል ሙከራውን ወደ ትርኢት ይለውጠዋል፤ የጻፈው ግምት ሲፈርስ ያየ ልጅ ግን ምክንያቱን ራሱ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ሁለቱም ከፍ ይላሉ ብለው ይጽፋሉ። በረዶው ሲያልቅ ግን ከድንጋዩ ላይ የቀለጠበት ዕቃ ውሃው ምልክቱን ያልፋል፣ የተንሳፈፈበት ባለበት ይቆያል፤ ምክንያቱም ተንሳፋፊው በረዶ ገና ሳይቀልጥ በክብደቱ ልክ ውሃውን ገፍቶ ነበር። (የባሕር ውሃ ጨዋማ በመሆኑ በእውነተኛው ውቅያኖስ እጅግ አነስተኛ ልዩነት ይኖራል፤ ይህን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ማስረዳት ይበቃል።)

አሃዞቹ የሚነገሩት ከዚህ በኋላ ነው። የግሪንላንድ የበረዶ ግግር ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር በ7 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው ደግሞ በ58 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚፈጸም እንዳልሆነ አብሮ ሊነገር ይገባል፤ ልጆችን በማስፈራራት የሚገኝ ትምህርት የለም፤ ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ የታየው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ እንኳ ለጠረፍ ከተሞች በቂ ችግር ነው።

«ታዲያ የባሕር በረዶ ቢቀልጥ ምን ቸገረን?» የሚል ተማሪ ይነሣል፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ነጭና ጥቁር ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ተማሪዎቹ በመዳፋቸው ይንኳቸው። የባሕር በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይመልሳል፤ ጥቁሩ ክፍት ባሕር ግን የሚመልሰው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በረዶው በሳሳ ቁጥር ባሕሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ባሕሩ በሞቀ ቁጥርም በረዶው ይበልጥ ይሳሳል።

ከዚያ ወደ ሕይወት ተሻገሩ። በዋዜማው በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሟችሁ በፍሪዘር አርጉ፤ ይህ ከባሕር ውሃ ጨዋማነት ጋር ይቀራረባል። ጨው የሌለው ውሃም ለብቻው ይርጋ። በማግስቱ በሁለቱም ላይ በደንብ የቀዘቀዘ የቀይ ሥር ውሃ ጠብ አድርጉ። ጨው በሌለው በረዶ ላይ ቀለሙ ከላይ ይንሸራተታል፤ በጨዋማው ላይ ግን እንደ ቀጫጭን ሥር ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃ ሲረጋ ጨውን ስለሚገፋ የተገፋው ጨዋማ ውሃ በረዶው ውስጥ ትናንሽ ቦዮችን ይሠራል። በዓይን የማይታዩት አልጌዎች፣ እንደ ዕፅዋት ከብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ የሚኖሩት በእነዚህ ቦዮችና በበረዶው የታችኛው ገጽ ላይ ነው። በክረምት ወራት ክሪል የሚባሉት ሽሪምፕ መሰል የአንታርክቲካ ባሕር ፍጥረታት እጮች ይህንኑ አልጌ እየጋጡ ያድጋሉ፤ ክሪልን ደግሞ ፔንጉዊን፣ አቆስጣና ዓሣ ነባሪ ይመገቡታል።

በመጨረሻም ተማሪዎቹን በክብ አቁማችሁ የባሕር በረዶ፣ አልጌ፣ ክሪል፣ ዓሣ፣ አቆስጣ፣ ዓሣ ነባሪና ንጉሠ ነገሥት ፔንጉዊን የሚል ካርድ ስጧቸው፤ ማን በማን እንደሚኖር እየተናገሩም በክር ይተሳሰሩ። የነጭ ድብ ካርድ እዚህ አይግባ፤ እርሱ የሰሜን እንጂ የደቡብ ነዋሪ አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ፔንጉዊኑ ግን ሁለት ክር ይያዝ። አንዱ ወደ ምግቡ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ባሕር በረዶው ነው፣ ጫጩቶቹ ውሃ የማያስገባ ላባ እስኪያወጡ የሚያድጉት በበረዶው ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2022 በአንታርክቲካ ጠረፍ ባለው በቤሊንግስሃውዘን ባሕር በረዶው ቀድሞ በመሰባበሩ ከታወቁት አምስት የጫጩት ማሳደጊያ ሰፈሮች በአራቱ ጫጩቶቹ አልተረፉም። አሁን የባሕር በረዶ ካርድ የያዘው ተማሪ ክሩን ይልቀቅ፤ ክሩ በእጁ ላይ የላላበት ሁሉ ቁጭ ይበል፣ የተቀመጠበትንም ምክንያት ይናገር።