ቴሌስኮፕ ለገዛ ጀማሪ፦ የመጀመሪያው ሥራ በቀን ነው

ለጀማሪ የሚሸጡ ትንንሽ ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ አንድ ሌሊት ሠርተው ቁም ሣጥን አናት ላይ ይቀራሉ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የዕቃው አይደለም። ባለቤቱ በጨለማ ይገጣጥመዋል፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያጎላውን ሌንስ ይሰካል፣ ሰማዩን ያስሳል፤ የሚያየው ጥቁር ክብ ብቻ ይሆናል። እዚህ የምንጠቀመው ምሳሌ በየቦታው የሚገኘውን ባለ 70/700 ቴሌስኮፕ ነው፦ የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር። ለሌላ መጠን ቁጥሮቹን ብቻ ይቀይሩ።

ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ካለ ይርሱት። ማጉያው የሚሰላው የትኩረት ርቀቱን በዓይን ሌንሱ (ዓይናችንን በምናስጠጋበት ትንሹ ሌንስ) ቁጥር በማካፈል ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ 28 ጊዜ፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ 70 ጊዜ ያጎላል። 525 የሚመጣው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ማጉያውን ሦስት እጥፍ የሚያበዛ ባርሎው የሚባል ተጨማሪ ሌንስ ሲጨመርበት ነው፤ ስሌቱ ልክ ነው፣ ምስሉ ግን ጭጋግ ነው። ቴሌስኮፕ በጥሩ ሌሊት የሚችለው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ለ70 ሚሊ ሜትር 140። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም።

ገና ካልገዙ ከማጉያው ይልቅ መቆሚያውን ይመርምሩ። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደው ቀላሉ ዓይነት ለኢትዮጵያ ይሻላል። ክብደት ማመጣጠኛ ያለው ዘንበል ያለ መቆሚያ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያመለክት ይፈልጋል፤ ያ ኮከብ አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘንጉ ያን ያህል ሲወርድ በአንዳንድ ርካሽ መቆሚያዎች ላይ ክብደቱ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ኮከቡን ራሱንም ተራራ ወይም ሕንፃ ሊጋርደው ይችላል።

አሁን ወደ ቀኑ ሥራ። መቆሚያውን እግሮቹን ሳያስረዝሙ ይትከሉ፤ ባጠረ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ እርስዎ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። መሐሉ ላይ ውኃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ቢያንጠለጥሉ ንፋስ አይረብሸውም። የፊት መክደኛውን ሙሉውን ያንሱ፤ ብዙዎች መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ብቻ ከፍተው «ጨለመብኝ» ይላሉ። ከኋላ 90 ዲግሪ የታጠፈውን ክርን፣ እሱ ላይ ባለ 25ቱን ሌንስ ይሰኩ። ያለ ክርኑ አብዛኛው እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ምስሉን አያጠራም።

ቢያንስ 500 ሜትር የራቀ ነገር ይምረጡ፣ ለምሳሌ የስልክ ማማ ጫፍ። ቴሌስኮፑን አነጣጥረው ጫፉን መሐል ያስገቡ፤ ፎከሱን (ምስሉን የሚያጠራውን መዘውር) በዝግታ ያዙሩ። ግራና ቀኙ ተገላብጦ ቢታይ ብልሽት አይደለም፤ የክርኑ መስታወት ሥራ ነው። ከዚያ ቴሌስኮፑን ሳይነኩ፣ ቱቦው ላይ የተሰካችውን ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ብሎኖች እያዞሩ ቀይ ነጥቧን እዚያው ጫፍ ላይ ያሳርፉ። ነጥቧ ካልበራች ባትሪው ሥር ያለችውን ላስቲክ ይሳቡ። በመጨረሻ ባለ 10ሩን ሰክተው ደግመው ያስተካክሉ። ይህ ሥራ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሌሊቱን የሚያድነውም እሱ ነው።

በቀን ስለምንሠራ አንድ ነገር እናጥብቅ፦ ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ አያዙሩ፣ ልጅም ብቻውን አብሮት አይተው። ዓይን ወዲያው ይጠፋል። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመድ ጥቁር «የፀሐይ ማጣሪያ» አብሮ ከመጣ ይጣሉት፤ በሙቀት ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት ነው።

ለመጀመሪያ ሌሊት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ተስማሚ ነው። ቴሌስኮፑን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመው ደጅ ያውጡት፤ ከውጭው አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ምስሉ ይርገበገባል። በመስኮት መስታወት ወይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በበላው ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ማየትም እንደዚያው ነው። የእጅ ባትሪዎን በቀይ ፌስታል ይጠቅልሉት፤ ነጭ ብርሃን ጨለማ የለመደውን ዓይን ያሳውረዋል፣ እንደገና ለመልመድም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

በጨረቃ ይጀምሩ፣ ሙሉ ስትሆን ግን አይደለም። ያኔ ጥላ ስለሌለ ፊቷ እንደ ነጭ ሳህን ነው። ከታየች ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን፣ ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ የተራሮቹና የጉድጓዶቹ ጥላ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሁልጊዜ በ25ቱ ፈልገው፣ መሐል አስገብተው፣ ከዚያ ብቻ ወደ 10ሩ ይሂዱ። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር በ70 ማጉያ ያዩት ነገር ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ከዕይታ ይወጣል። በእጅዎ እየገፉ ይከተሉት።

ጁፒተር ሲኖር 28 ማጉያ ይበቃል፦ አራቱ ጨረቃዎች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር። ሳተርን 70 ይፈልጋል። ቀለበቱ በየ15 ዓመቱ ገደማ በጠርዙ በኩል ስለሚታየን እንደ ቀጭን መስመር ይሆናል፤ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ እንዲያ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየተከፈተ ነው። ፕላኔቶቹ የት እንዳሉ ነፃው ስቴላሪየም የሚባል የስልክ መተግበሪያ ያሳያል።

የኦሪዮን ደመና (ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለች የጋዝ ደመና)፣ ከሦስቱ የኦሪዮን ቀበቶ ኮከቦች በስተ ደቡብ ያለችው ብዥ ያለች ነጥብ፣ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ በምሥራቅ በኩል ለቴሌስኮፕ በሚመች ከፍታ ላይ ናት። እየመሸ ሲሄድ ወደ ራስ አናት ትወጣለች፤ ያኔ የቱቦው ጀርባ ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል፣ አንገትም ይታመማል። እንደ ፎቶው ቀይና ሐምራዊ አይጠብቁ፤ ዓይን የሚያየው ግራጫ ጭስ ነው። ሰባቱ ከዋክብት ደግሞ በ28 ብቻ ያምራሉ፣ በ70 ተበታትነው ከዕይታ ይወጣሉ። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ቢያዞሩ፣ ከአውሮፓ የማይታየው የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብ ዝቅ ብሎ ይጠብቅዎታል።

ሲጨርሱ ሌንሱ ላይ ጤዛ ካለ በነጠላም ሆነ በሸሚዝ አይጥረጉ፤ አቧራው ሌንሱን ይፍቀዋል። ቤት አስገብተው ክዳኑን ሳይገጥሙ ያድርቁት፣ ከዚያ ይክደኑ። የማነጣጠሪያዋንም መብራት ያጥፉ፤ ሳትጠፋ ካደረች ነገ ማታ ባትሪ የለም።