ከፍቺ በኋላ የልጅ ጉብኝት ፕሮግራም እንዴት ይዘጋጃል? ከልጁ ሳምንት እስከ ችሎት

በፍቺ ስምምነቶች ውስጥ ብዙ ጠብ የሚያስነሳው ዓረፍተ ነገር ሲያዩት ምንም ክፋት የሌለበት ነው፦ «አባት ልጁን በሚመቸው ጊዜ ይጎበኛል።» ሲፈርሙበት ሁለቱም ደግ ነገር የጻፉ ይመስላቸዋል። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ለአባት የሚመቸው እሑድ ለእናት አይመችም፤ ለእናት የሚመቸው ቅዳሜ ልጁ ለፈተና የሚያጠናበት ቀን ይሆናል። ከዚያ ስልክ አለማንሳት ይመጣል፤ ቀጥሎ በር ላይ መጨቃጨቅ፣ ከዚያም እንደገና ፍርድ ቤት።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ «በሚመች ጊዜ» የሚለውን አውጥቶ በቦታው ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ሰው ማስገባት። መነሻዬ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ ነዋሪነትዎ በክልል ከሆነ የአንቀጽ ቁጥሮቹን ከአካባቢዎ ሕግ ጋር ያስተያዩ።

1. ሕጉ ምን እንደሚል አስቀድመው ይወቁ

«ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናት ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፣ ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ይደነግግ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አላስቀጠለም። አሁን የሚሠራበት አንቀጽ 113 ነው። ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀለባቸው፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁበት መብት አብሮ ይወስናል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ያያል።

«እርስ በርስ» የሚለውን ልብ ይበሉ። መጠየቅ የወላጅ ብቻ ሳይሆን የልጁም መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632፣ ልጁን ሳያሳድግ ቆይቶ ሞግዚትነት የጠየቀን ወላጅ አባት ጉዳይ ሲመረምር ከአባትነት ይልቅ የሕፃኑን ጥቅም አስቀድሟል። ችሎት ፊት ቀርበው «መብቴ ነው» ከሚሉ «ለልጁ ይህ ይሻለዋል፣ ምክንያቱም…» ቢሉ የሚሻለው ለዚህ ነው።

2. ጠበቃ ከመፈለግዎ በፊት የልጁን ሳምንት ይጻፉ

አንድ ደብተር ይያዙና የልጁን አሁን ያለ ሳምንት እንዳለ ያስፍሩት። ስንት ሰዓት ይነሣል? ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል፣ ማንስ ይመልሰዋል? የቤት ሥራ ከማን ጋር ይሠራል? ሲያመው የት ይታከማል? ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት ይሄዳል? አያቱ ዘንድ የሚያድረው መቼ ነው? ከጎኑ የእርስዎን የሥራ ሰዓት ይጻፉ፤ ሌላው ወላጅም የራሱን እንዲጽፍ ይጠይቁ።

ይህን ሲጨርሱ ብዙ ነገር ራሱን ይገልጣል። አንዱ ወላጅ በአዲስ አበባ አንድ ጫፍ አያት ሰፈር፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ጀሞ የሚኖር ከሆነ በሥራ ቀን ማታ ወስዶ ማታውኑ መመለስ ልጁን ታክሲ ውስጥ እንደማሳደር ነው። ፈረቃ የሚሠራ ነርስ ወይም የረጅም ርቀት ሹፌር በየሳምንቱ ቅዳሜ እንደሚገኝ ቃል ቢገባ ቃሉ አይቆምም። የማይፈጸም ሰፊ ፕሮግራም ከመፈረም የሚፈጸም ጠባብ ፕሮግራም ይበልጣል፤ በር ላይ ተቀምጦ ጠብቆ የቀረበት ልጅ ያን ቀን አይረሳም።

3. የሕግ ድጋፍ ያግኙ

ጠበቃ መቅጠር የሚችሉ ከሆነ የቤተሰብ ጉዳይ የሚያዘወትር ይምረጡ፤ የንግድ ክርክር አዋቂ ሁሉ የልጅ ጉዳይ አዋቂ አይደለም። አቅም ከሌለዎት በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያንቀሳቅሷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ። ሲሄዱ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃና ያንን ደብተር ይዘው ይሂዱ።

ሽማግሌዎችን ማስቀመጥም ጥሩ ነው። የሽማግሌ ሥራ ማቀራረብ እንጂ ፍቺን መወሰን እንዳልሆነ ግን አይዘንጉ፤ የደረሱበት ስምምነት ፍርድ ቤት ቀርቦ ካልጸደቀ ለማስፈጸም ያስቸግራል። ሙስሊም የሆኑና ሁለቱም ወገኖች የፈቀዱ እንደሆነ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን ሊያዩት ይችላሉ።

አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በቤቱ ውስጥ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም በልጁ ላይ የደረሰ ጥቃት ካለ፣ እንደ እኩል ወገን ተቀምጦ ፕሮግራም መደራደር አይገባም። ያለዎትን ማስረጃ ሁሉ፣ የሐኪም ወረቀትና የፖሊስ መዝገብ ጭምር፣ ለጠበቃዎ ይስጡ። ጉብኝቱ ሌላ ሰው ባለበት ብቻ እንዲሆን፣ ርክክቡም በሦስተኛ ሰው በኩል እንዲደረግ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

4. መደበኛውን ሳምንት ይቅረጹ

መጀመሪያ ዕድሜውን ይመልከቱ። ጡት የሚጠባ ሕፃን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ቢታይ ይበቃዋል፤ ከእናቱ ተለይቶ ሁለት ሌሊት ማደር አይችልም። ትምህርት የጀመረ ልጅ ቅዳሜና እሑድን መቀበል ይችላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ጓደኛ፣ ጥናትና ኳስ አለው፤ ሳይጠይቁት ያወጡትን ፕሮግራም በሁለተኛው ወር ራሱ ያፈርሰዋል።

አጻጻፉ ይህን ይምሰል፦ «ልጁ መደበኛ ኑሮው ከእናቱ ጋር ሲሆን፣ ከጥቅምት 7 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ከአባቱ ጋር ይቆያል። በተጨማሪ ዘወትር ረቡዕ አባት ከትምህርት ቤት ተቀብሎ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ እናቱ ቤት ይመልሳል።»

መነሻ ቀን ያስቀመጥሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው «በወሩ 1ኛና 3ኛ ቅዳሜ» ብሎ ይጽፋል። ያኔ አምስት ቅዳሜ ያለው ወር ሲመጣ አባት ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፤ ጳጉሜን ደግሞ ከነጭራሹ ከፕሮግራሙ ውጭ ትቀራለች። «በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» ከተባለ ወሩ ቢረዝምም ቢያጥርም ተራው አይዛነፍም። ሰዓቱንም «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ሳይሉ አይጻፉ፤ በተለይ አንዱ ወላጅ ውጭ አገር ከኖረ 3 ሰዓት ለእርሱ ሌላ 3 ሰዓት ነው።

5. በዓላትና ክረምት

በእኔ ግምት ዓመቱን ሙሉ በሰላም የተጓዘ ስምምነት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ልጁ ከሌለ በዓል በዓል አይመስልም፤ አያቶችም ዝም አይሉም። የምትመኩበት ደንብ ቀላል ይሁን፤ በዓል መደበኛውን ሳምንት ይሽራል፣ ትላልቆቹም በዓላት ከዓመት ዓመት ይፈራረቃሉ። ለምሳሌ እንቁጣጣሽና ፋሲካ በተጋማሽ ዓመት ከእናት፣ በጎዶሎ ዓመት ከአባት፤ ገናና ጥምቀት ደግሞ በተቃራኒው። ቁጥሩ ለሚያደናግራቸው አያቶች ሌላ መንገድ አለ፤ ዘመነ ዮሐንስና ዘመነ ማርቆስ ተጋማሽ፣ ዘመነ ማቴዎስና ዘመነ ሉቃስ ጎዶሎ ናቸው። ለአያት ይህን ከነገሯቸው ማንም አያታልላቸውም።

በዓሉን በስሙ እንጂ በቀኑ ቁጥር አይጻፉት። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ስምምነቱ «ታኅሣሥ 29» ካለ በዓሉ አልፎ ማግስቱን ሊጨቃጨቁበት ነው። ኢድ አል ፈጥርና ዐረፋም በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ይቀድማሉ። ፋሲካ ላይ ደግሞ መነሻው ቅዳሜ ማታ መሆኑን ይግለጹ፤ ለልጅ ትልቁ ነገር ሌሊት ተቀስቅሶ መፈሰኩ ነው። ወላጆቹ የተለያየ እምነት ካላቸው መፈራረቅ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የራሱን በዓል ይውሰድ።

ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ይከፈላል፤ ሐምሌ ለአንዱ፣ ነሐሴ ለሌላው። የአዲሱ ዓመት የደንብ ልብስና ደብተር ግዢ በማን በኩል እንደሚሆን እዚሁ ላይ ይጻፍ፤ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ጳጉሜን ሲደርስ ታጣላለች።

6. ርክክብ፣ ስልክና ጉዞ

ርክክብ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ስብሰባ አይደለም። የሚጋጩ ከሆነ የትምህርት ቤት በር ወይም የአያት ቤት ይሻላል፤ አንዱ ያደርሳል፣ ሌላው በኋላ ይወስዳል፣ ፊት ለፊት አይገናኙም። ወላጁ ካልቻለ በእርሱ ፋንታ ልጁን የሚረከቡት ሰዎች ስም ይጻፍ። ስንት ደቂቃ ማርፈድ እንደሚፈቀድም ይወሰን፤ በአዲስ አበባ መንገድ ከ30 ደቂቃ በታች ማለት ጨዋታ ነው።

በዱባይ፣ በቤይሩት ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ወላጅ ካለ የስልክ ጥሪው ራሱ ጉብኝት ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ለዕረፍት ሲመጣ ከስንት ሳምንት በፊት እንደሚያሳውቅና ስንት ቀን ከልጁ ጋር እንደሚቆይም ይካተት። ልጁን ከአገር ማውጣት የሁለቱን የጽሑፍ ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ ፓስፖርቱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና የመልስ ቲኬት መታየት እንዳለበት በግልጽ ይስፈር። ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የሄግ የሕፃናት ጠለፋ ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ ከአገር ወጥቶ የቀረን ልጅ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

7. ቀለብን ከጉብኝት ጋር አያያይዙ

«ቀለብ ካልከፈለ ልጁን አያይም»፣ «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚሉት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ቀለብ ያልከፈለውን በአፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም ለፍርድ ቤት በማመልከት፣ መክሰስ ይቻላል፤ ልጁን መከልከል ግን ከልካዩን ጥፋተኛ ያደርገዋል። በስምምነቱ ላይ ሁለቱን በተለያየ ቁጥር ያስፍሯቸው፤ ቀለቡም በእጅ ሳይሆን በባንክ ይግባ።

8. ለፍርድ ቤት ያቅርቡ

ፍቺው በስምምነት ከሆነ፣ የፍቺውንና የውጤቱን ስምምነት በጽሑፍ አድርገው ሁለቱም ፈርመው ያቀርባሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ያየዋል። ዳኛው ባልና ሚስቱን በጋራም በተናጠልም ያነጋግራል፤ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ የማይጠብቅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ ሊያስተካክል እንደሚችል ይወቁ። በጥድፊያ የተጻፈ ገጽ ተኩል ወረቀት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ስምምነት ከሌለ አንዱ ወገን አቤቱታ ያቀርባል። በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደደረሰው ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩና ስለ ቀለባቸው ትእዛዝ መስጠት አለበት፤ ጠበቃዎ ጊዜያዊ የጉብኝት ፕሮግራምም በዚያው ቀን እንዲጠይቅ ያሳስቡት። ካልተጠየቀ መዝገቡ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲንከባለል ልጁ አንዱን ወላጅ ለወራት ሳያይ ሊቆይ ይችላል። ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ እንዲያጠና ሊያዝዝ፣ ልጁንም ሊያነጋግር ይችላል። ልጁን «እንዲህ በል» ብለው አያስጠኑት፤ የተጠና መልስ ለዳኛ ወዲያው ይታወቃል።

9. ካልተከበረ ወይም ኑሮ ከተለወጠ

አንድ ቅዳሜ ስለቀረ ፖሊስ አይጥሩ። የቀሩትን ቀናት በደብተር ይመዝግቡ፣ መልእክቶችን አይሰርዙ፤ ነገሩ ከተደጋገመ የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። ሥራ፣ መኖሪያ ወይም ትምህርት ቤት ከተለወጠ ደግሞ ጥሰቱን ሳይጠብቁ በአንቀጽ 113 መሠረት ውሳኔው እንዲሻሻል ያመልክቱ።

የጸደቀውን ስምምነት አንድ ግልባጭ ለትምህርት ቤቱ ይስጡ። ለልጁ ደግሞ ወረቀቱን ሳይሆን የግድግዳ ካላንደር ይግዙለት፤ የእናት ቀኖች በአንድ ቀለም፣ የአባት ቀኖች በሌላ። ቀለሞቹን ራሱ ይምረጥ።