በሰመጠ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ በቡድን ለመግባት ስታቅዱ፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ከባሕር ሩቅ ናት። ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) የለመዱ ልጆች ግን እዚህም አሉ። ቡና ላይ ሲገናኙ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ "የሰመጠ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ በጋራ ብንገባስ?" ሐሳቡን እወደዋለሁ። እንዲሳካም እፈልጋለሁ። ችግሮቹን የማነሳውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን አስቡት። ሰርጓጅ መርከብ ረጅም የብረት ቱቦ ነው። ውስጡ በቧንቧ፣ በሽቦና በማሽን የተጨናነቀ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፈው በር አንድ ሰው በግድ ያስገባል። ከላይ ጣሪያ አለ፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ሽቅብ መውጣት አይቻልም። መጀመሪያ በገባችሁበት መመለስ አለባችሁ። ስለዚህ ችግሩን ውሃ ውስጥ ካያችሁት ረፍዷል። እዚሁ ጅማ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ስትቀመጡ ፈልጉት።

ምልክት፦ ስብሰባው ላይ ሁሉም "እሺ" ይላል፣ ማንም አይጠይቅም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ገንዘብ ተዋጥቷል፣ ትኬት ተቆርጧል። ከመሃል እንደ ታላቅ ወንድም የሚታይ ሰው አለ። እሱ ፊት "እኔ እፈራለሁ" ማለት ይከብዳል። የፈራው ሰው ዝም ይላል። ያ ፍርሃት 30 ሜትር ታች፣ ጨለማ ውስጥ ይወጣል። የፈራ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ አየሩ ቶሎ ያልቃል።

መፍትሄው ከመዋጮው በፊት ይጀምራል። ስትመዘገቡ ሁለት ዓይነት ቦታ ይኑር፤ ውስጥ የሚገቡና በውጭ የሚዞሩ። ዋጋውም ክብሩም እኩል ይሁን። ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይፈቀድ። የእያንዳንዱን ሰው ሰርተፊኬትም እዩ። የመጀመሪያ ደረጃ ስልጠና ብቻ ያለው ሰው አይገባም። የሰመጡ መርከቦችን መደበኛ ኮርስ የወሰደም ቢሆን የቀን ብርሃን ከሚታይበት አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ለመዝለቅ የተለየ ቴክኒካዊ ስልጠና ያስፈልጋል። ይህ ለታላቅም ለታናሽም እኩል ይሠራል።

የእጅ ምልክትም ተነጋገሩ። እኛ ዘንድ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር "ጎበዝ" ነው። ውሃ ውስጥ ግን "አበቃ፣ እንውጣ" ነው። "ደህና ነኝ" ለማለት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይገጠማሉ። አንድ ሰው አውራ ጣቱን ካሳየ ዳይቩ አለቀ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ጀልባው ላይም፣ ጅማ ከተመለሳችሁ በኋላም።

ምልክት፦ የዳይቪንግ ድርጅቱ "ከውጭ ብቻ" ይላችኋል

ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። መርከቡ መቃብር ሊሆን ይችላል። ያልፈነዳ ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ሊኖረው ይችላል። በሩ ተዘግቶ ወይም ውስጡ በደለል ተሞልቶ ይሆናል።

የጀርመኑ ዩ-352 እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ተመትቶ ሰሜን ካሮላይና አጠገብ ሰመጠ። በ1975 ተገኘ። 35 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ጥልቀቱ ይደረስበታል፤ ግን ከሠራተኞቹ ያለቁ አሉ። የኢጣሊያው ሺሬም በዚያው በ1942 ከነሠራተኞቹ ሃይፋ አጠገብ 33 ሜትር ላይ የቀረ ነው። የእንግሊዙ ስታቦርን ይለያል። በ1946 ማልታ አጠገብ ሆን ተብሎ ነው የሰመጠው። ነገር ግን ያለበት ጥልቀት 56 ሜትር ገደማ ነው። የመዝናኛ ዳይቪንግ ወሰን 40 ሜትር ስለሆነ ያለ ቴክኒካዊ ስልጠና አይሞከርም።

ለእኛ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ጅማ በኢጣሊያ እጅ በነበረችበት እ.ኤ.አ. በ1940 ኢጣሊያ ምፅዋ ላይ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ጦርነት በገባች በዚያው ወር ግማሾቹን አጣች። ከእነሱ አንዱ ቶሪቼሊ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ ፔሪም ደሴት አካባቢ ሰመጠ። እነዚህ ብረቶች ውስጥ የሰው ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጡ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የሞተበት ሰው አለ? ሕጉ ምን ይላል? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1986፣ አሜሪካ ከ2004 ጀምሮ የሰመጡ የጦር መርከቦችን የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። ክፍት በሩ ስንት ነው? ፈንጂው ወጥቷል? መልሱ "አይገባም" ከሆነ አትከራከሩ። ማማው፣ መዘውሩና የቶርፒዶ አፉ በውጭ ሆኖም ይታያል። ዕቃ ማንሳት ደግሞ በምንም ምክንያት አይሁን። ከሟች ቤት ዕቃ አይወሰድም።

ምልክት፦ የአየር ሂሳቡ ለሁሉም ሰው አንድ ነው

"ሁላችንም 200 ባር ሞልተናል" ከተባለ ሂሳቡ አልተሠራም ማለት ነው። ባር ግፊት ነው። የምትተነፍሱት ግን በሊትር ነው የሚለካው፤ ሰውም አተነፋፈሱ ይለያያል።

ጣሪያ ሥር የሚገባ ሰው አየሩን ሦስት ቦታ ይከፍላል። አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለአደጋ። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ላይ በደቂቃ 25 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 100 ሊትር ይጨርሳል። ባለ 12 ሊትር ጥንድ ሲሊንደር በ200 ባር 4,800 ሊትር ይይዛል። ሲሶው 1,600 ሊትር ነው። ለዚህ ሰው 16 ደቂቃ ማለት ነው፤ መውረጃው ላይ የሚሄደውም ከዚሁ ይቀነሳል። 20 ሊትር የሚተነፍሰው ጓደኛው 20 ደቂቃ አለው። ቡድኑ የሚመለሰው በ16ቱ ነው። ሁልጊዜ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ነው ሰዓቱን የሚወስነው።

ሲሊንደሩ ከተለያየ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንዱ ጥንድ 10 ሊትር ከያዘ ሲሶው 1,333 ሊትር ነው። ጥንድ 12 የያዘው ሰው 133 ባር እስኪቀረው ከጠበቀ ከጓደኛው ድርሻ በላይ ሄዷል። እሱ 150 ባር ላይ መመለስ አለበት። ነጠላ ሲሊንደር በአንድ ሬጉሌተር (አየሩን ከሲሊንደር ወደ አፍ የሚያደርስ መሣሪያ) ይዞ ውስጥ መግባትን ከነጭራሹ ተዉት። እሱ ከተበላሸ ሌላ ነገር የለም።

የራሳችሁን ቁጥር የማታውቁ ከሆነ ባሕሩ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ለዚህ ስጡት። 10 ሜትር ላይ ለ10 ደቂቃ በእርጋታ ዋኙ። ስንት ባር እንደወረደ ጻፉ። በሲሊንደሩ ሊትር አባዙት፣ ለ10 አካፍሉ፣ ከዚያ ለ2 አካፍሉ። ግምት ላይ ቆማችሁ አትግቡ።

ምልክት፦ "ስድስታችንም ተከታትለን እንገባለን"

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሰልፉ ሲመለስ ይገለበጣል። ፊት የነበረው ኋላ ይሆናል፤ ኋላ የነበረው መሪ ይሆናል። እኛ ደግሞ ለአዲሱ ልጅ አዝነን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን። መመለስ ሲመጣ በደፈረሰ ውሃ መንገድ የሚመራው እሱ ሆኖ ያርፋል።

ሦስት ሦስት ሆናችሁ ግቡ። ገመድ የሚዘረጋው ልምድ ያለው ሰው ፊት ይሁን። ሲወጣ መጨረሻ ሆኖ ገመዱን እየጠቀለለ ይመጣል። ልምድ የሚያንሰው መሃል ይሁን። ኋላ የሚሆነው እንደ ፊተኛው ጠንካራ ሰው ነው። ሁለተኛው ቡድን ወዲያው አይከተል። የመጀመሪያዎቹ ያስነሱት ደለል ቶሎ አይሰክንም፤ ተራው በሌላ ዳይቭ ይሁን። እስከዚያ በሩ ላይ ትርፍ ሲሊንደር ይዘው ይጠብቁ።

ምልክት፦ መብራታችሁ በርቶ ምንም አይታይም

ደለል ተነስቷል። አንዳንዴ እግር ላይ በሚጠለቅ መቅዘፊያ (ፊን) ነው። አንዳንዴ ግን ማንም ምንም ሳይነካ ነው፤ የትንፋሽ አረፋ ጣሪያውን መትቶ ዝገት ያራግፋል። ስለዚህ "እኔ ጥንቁቅ ነኝ" ማለት አይበቃም።

መፍትሄው ከውጭ ጀምሮ የማይቋረጥ ገመድ ነው። በር ላይ ሁለት ቦታ ታስሮ ይጀምራል። እይታው ሲጠፋ ቆማችሁ ገመዱን በሁለት ጣት ክበብ ውስጥ ታስገባላችሁ። ከፊት ያለውን ሰው ክንድ ትይዛላችሁ። ወደፊት መግፋት "ሂድ" ነው፤ ሌሎቹን የንክኪ ምልክቶችም አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። ፊናችሁን ወደ ታች አትምቱ፤ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ቅዘፉ።

ይህን ለመለማመድ ባሕር አያስፈልግም። ጅማ ውስጥ ዛፍ የሌለበት ግቢ ብርቅ ነው። ከማንጎው ወደ አቮካዶው፣ ከዚያም በአጥሩ ዙሪያ ሲባጎ ዘርጉ። ዓይናችሁን ሸፍኑ። ሦስት ሆናችሁ ሳትነጋገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለሱ። መሃል ላይ አንዱ ሰው ገመዱን ይልቀቅና ሌሎቹ ሲፈልጉት እዩ። ሰልፉ ሲገለበጥ ምን እንደሚፈጠርም እዚሁ ይገባችኋል። ቴክኒካዊ ጠላቂዎች የሚሠለጥኑት በዚሁ ዓይነት የየብስ ልምምድ ጀምረው ነው።

ቶሎ የሚያልቁ ችግሮች

በሩ ላይ የሚይዛችሁ ከሆነ የተንጠለጠለ ቱቦና መብራት አለ፤ ሁሉንም ወደ ሰውነት አስጠጉ። የበሩን ልክ ከድርጅቱ ጠይቁ። ብየዳ ቤት ወስዳችሁ በዚያው ልክ የብረት ክብ አሠሩ፣ ዕቃችሁን ለብሳችሁ እለፉበት።

ናይትሮክስ 32 (32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ አየር) ሞልተው ከጠበቋችሁ ጥልቀቱን አስቡ። ኦክስጅኑ በግፊት እንዳይመርዝ በተቀመጠው የ1.4 ባር ወሰን 34 ሜትር ገደማ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። 35 ሜትር ላይ ላለ መርከብ አይሆንም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሲሊንደር ራሱ ይለካ።

ጓደኛችሁ ያለ ምክንያት ከሳቀ፣ ወይም ያንኑ ሰዓት ደጋግሞ ካየ፣ በጥልቀት የሚተነፍሰው ናይትሮጅን አስክሮት ይሆናል። ይዛችሁት ተመለሱ።

ጣሪያው ላይ የተጠራቀመ አየር ካያችሁ ሬጉሌተራችሁን አታውልቁ። ዝገት ኦክስጅኑን ይበላዋል። አየር ቢመስልም ሰው ያስታል።

መብራት ለአንድ ሰው ሦስት ይሁን። ጫት እንቅልፍ ያሳጣል፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ የዳይቩ ዋዜማ ይቅር። ጊልገል ጊቤ ግድብ ላይ እንለማመድ የሚል ካለ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የሚደረግ ዳይቭ የራሱ ሠንጠረዥና ስልጠና እንዳለው ንገሩት።

ምልክት፦ አገር ቤት ስትደርሱ ትከሻ ይቆረጥማል፣ እጅ ይደነዝዛል

"ብርድ መትቶኝ ነው" ይባላል። ወይም "የመንገድ ድካም"። ማሸት ይጀመራል። ይህ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም በሰውነት ውስጥ የቀረ ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል።

እኛ ደግሞ ከሌላው አገር ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለብን። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ መሆን ነው። ሌላው ሰው ባሕር ዳር ከተማው ሲያርፍ ይገላገላል። አዲስ አበባ ግን ራሷ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጅማም ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና ብትመጡም ያው ዳገት ነው።

ዲኮምፕሬሽን (ሽቅብ ስትወጡ ናይትሮጅኑ እንዲለቅ መንገድ ላይ መቆም) ከሌለው አንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መጠበቅ ይመከራል። ዲኮምፕሬሽን ካለበት ከዚያም ይረዝማል። ለጅማ ሰው የምመክረው አንድ ሙሉ ቀን ባሕሩ አጠገብ ማረፍን ነው። ይህን ቀን ከበጀቱ አትቀንሱ።

ምልክቱ ከታየ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው፣ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። አዲስ አበባ ላይ ከጀመረው ወደ ጅማ በረራ አይቀጥል። ሕክምናው በከፍተኛ ግፊት ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ ለመርከቡ ቅርብ የሆነውን ክፍልና የድንገተኛ ስልኩን ከመሄዳችሁ በፊት ጽፋችሁ ያዙ። ኢንሹራንሱም ጥልቀቱንና ውስጥ መግባቱን ይሸፍን። ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃል "ዳይቪንግ ነበርኩ" ይሁን፤ የዳይቩን ሰዓትና ጥልቀት የመዘገበውን ኮምፒውተርም አብራችሁ ስጡት።