ባዶ ያልሆነው ባዶ ካርትሬጅ፦ ያለቀ ቶነር በድሬዳዋ እንዴት ይያዛል?

በድሬዳዋ ኮፒ ቤቶችና ቢሮዎች አንድ የቶነር ካርትሬጅ «አለቀ» ከተባለ በኋላ ዕጣው ብዙ ጊዜ ከሦስት አይዘልም፤ ከጠረጴዛ ሥር ተወርውሮ አቧራ ይጠጣል፣ ከወረቀትና ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ወደ ገንዳ ይሄዳል፣ አለዚያም ቆራሌው በጥቂት ብር ይወስደዋል። ሦስቱም መንገዶች ካርትሬጁ ባዶ ነው ከሚል የተሳሳተ ግምት ይነሣሉ። በትናንሽ ማተሚያዎች የሚገባውና ድራሙን፣ ማለትም ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን ሲሊንደር፣ እንዲሁም ቶነር የሚባለውን ዱቄት በአንድ ቀፎ የሚይዘው ካርትሬጅ ሁለት ማኅደር አለው፤ አንዱ አዲሱን ዱቄት ይይዛል፣ በሌላው ደግሞ ወረቀት ላይ ሳያርፍ ቀርቶ በብሌድ (በስስ መፋቂያ) ከድራሙ ላይ የተፋቀው ዱቄት ይጠራቀማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲሟጠጥ ሁለተኛው እየጠገበ መጥቷል ማለት ነው።

ዱቄቱ በልማድ ቀለም ይባል እንጂ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩ ከጥቁር ካርቦን ወይም ከብረት ኦክሳይድና ከጥቂት ሰም ጋር ተዋሕዶ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ድረስ የደቀቀ ሲሆን፣ በማተሚያው ውስጥ ባለው ማሞቂያ ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ቆዳን ቢነካ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይለቃል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በየቀኑ ሲተነፍሱት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው አብዛኛው ነገር ዱቄቱ በሙቀት የሚቀልጥና በአየር የሚበንን ከመሆኑ የሚከተል ነው።

ካርትሬጁ አለቀ ብሎ ከመወሰን አስቀድሞ አውጥቶ፣ አግድም ይዞ፣ ወደ ግራና ቀኝ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ማወዛወዝ ይገባል፤ በአንድ ጥግ የተከመረው ዱቄት ሲሠራጭ ብዙ ጊዜ ለተጨማሪ ገጾች ይበቃል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት፣ ለምሳሌ የኤችፒ 12ኤ ካርትሬጅ 2,000 ገጽ ወይም የ85ኤ 1,600 ገጽ፣ ከወረቀቱ 5 በመቶው ብቻ በቀለም ሲሸፈን የሚገኝ ነው። መታወቂያ ኮፒ ሲደረግ ክዳኑን ክፍት መተው በብዙ ማሽኖች ዙሪያውን ጥቁር አድርጎ ያወጣል፤ በቀን ስንት መታወቂያ ኮፒ እንደምናደርግ ለሚያውቅ ሰው ኪሳራው ግልጽ ነው። ክዳን መዝጋት ካርትሬጅን ከቆሻሻ የማዳን የመጀመሪያው ደረጃ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስሞላት ነው፤ በእኔ ግምት በከተማችን ከሁሉም የሚበልጠው መንገድ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም አሉሚኒየሙ፣ ብረቱ፣ ማግኔቱና ወፍራሙ ፕላስቲክ እንዳሉ ተመልሰው ሥራ ላይ ይውላሉ። ነገር ግን አሞላሉ ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንድ ሞዪ ጊዜና ዱቄት ለመቆጠብ ሲል የትርፉን ማኅደር ሳያራግፍ አዲስ ዱቄት ብቻ ይጨምራል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ የትርፉን ዱቄት መልሶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቅላል። ያ ዱቄት የወረቀት ብናኝ የያዘና አንድ ጊዜ ያገለገለ ስለሆነ ጽሑፉን ያደበዝዛል፣ ድራሙንም ይቧጭራል፤ ያልተራገፈው ማኅደር ደግሞ ሞልቶ በማተሚያው ውስጥ ይፈሳል። ስለዚህ ካርትሬጅ ሲሰጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ትርፉ ይራገፋል ወይ? የሚሞላው ዱቄት ለዚህ ሞዴል የሚስማማ ነው ወይ? የተራገፈውስ የት ይደርሳል? ለሦስተኛው ጥያቄ «ውጭ ነው የምንደፋው» የሚል መልስ ከተሰጠዎት ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ። እንደ 85ኤ ያሉት ቺፕ (የቀለሙን መጠን ለማሽኑ የሚናገር ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ስላላቸው ከተሞሉ በኋላም ማሽኑ «ቀለም የለም» ሊል ይችላል፤ ይህ ካርትሬጁን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ቺፑን ማስቀየር ወይም ማስጠንቀቂያውን ማለፍ ይቻላል።

ማስሞላት የማያዋጣበት ቀን መድረሱን የሚናገረው ወረቀቱ ነው። በትናንሾቹ ማሽኖች አንድ ዓይነት ነጥብ በየ7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከተደጋገመ ድራሙ ተጎድቷል፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር ከታየ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብሌዱ ወይም ድራሙ አልቋል። ሁለቱም የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸውና ቀፎው ካልተሰነጠቀ ተቀይረው ካርትሬጁ ይቀጥላል።

እስኪሞላ ድረስ የሚቀመጠው ካርትሬጅ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ብርሃን ነው፤ ድራሙ ለደቂቃዎች እንኳ ለፀሐይ ከተጋለጠ ይበላሻልና በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ወደ ካርቶኑ ይመለስ። ሁለተኛው የድሬዳዋ ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሚገኝ መጋዘን የተደረደረ ካርትሬጅ ውስጥ የቀረው ዱቄት ሊጓጉልና ሊጠነክር ስለሚችል፣ ቦታው ከጣሪያ የራቀ፣ ጥላ ያለበትና ልጆች የማይደርሱበት መሆን አለበት።

ዱቄት ከፈሰሰ ከሁሉ አስቀድሞ ቬንትሌተሩ ይጥፋ፤ በእኛ ከተማ ቬንትሌተር የማይዞርበት ቢሮ ስለሌለ ይህን የሚረሳ ሰው ክፍሉን በሙሉ ያጠቁራል። መጥረጊያም ሆነ ተራ ቫኪዩም አይነካው፤ መጥረጊያው ያቦናል፣ የተራው ቫኪዩም ማጣሪያ ደግሞ ይህን ያህል የደቀቀውን አያስቀርም። አፍና አፍንጫን በማስክ ሸፍኖ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በረጠበ ጨርቅ እየለቀሙ ጨርቁን በፌስታል ማሰር ይበቃል። በሙቅ ውኃ የታጠበ ሸሚዝ እድፉን እንደያዘ ይቀራል፤ በእኛ ኮፒ ቤት አንድ ነጭ ሸሚዝ ለዚህ ምስክር ሆኖ የወለል መወልወያ ሆኗል።

አሁን ጨርሶ ወዳለቀው እንምጣ። ቆራሌው የሚፈልገው የድራሙን አሉሚኒየምና የውስጡን ብረት ነው፤ እነዚህን ለማግኘት ቀፎውን በድንጋይ ሲሰብር ዱቄቱ ፊቱ ላይ ይበናል፣ የቀረው ፕላስቲክ ደግሞ ይቃጠላል ወይም ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ይጣላል። ማቃጠል በፍጹም አይገባም፤ የበነነ ዱቄት በአየር ላይ እሳት ሊይዝ ይችላል፣ የሚወጣውም የፕላስቲክ ጭስ ነው። ደቻቱም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ይምሰል እንጂ በደጋው ሲዘንብ የተጣለበትን ሁሉ ይዞ እንደሚወርድ ከ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ ወዲህ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያሻም። ብረቱን ለቆራሌው መስጠት ከተፈለገ አስቀድሞ ባለሙያው ማኅደሮቹን ያራግፍ፤ የተራገፈው ዱቄት በወፍራም ፌስታል ሁለት ጊዜ ታስሮ ክዳን ባለው የቀለም ባልዲ ይቀመጥ፤ በባልዲውም ላይ «ቶነር፤ አይከፈት፣ አይቃጠል» ተብሎ በማርከር ይጻፍ። ኦሪጅናሉን ካርቶን ሳይቀድዱ አይጣሉት፤ ባዶ ቀፎና ንጹሕ ካርቶን አንድ ላይ ከተገኙ የማስመሰያ ቶነር ነጋዴ ሲሳይ ናቸው።

ብዙ ማተሚያ ያለው መሥሪያ ቤት ነገሩ ይቀልለታል። ንብረት ክፍሉ አዲስ ካርትሬጅ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ሲያወጣ አሮጌው እንዲመለስለት ቢያዝ፣ በየጠረጴዛው ሥር የሚጠፋው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ከወጣ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ የተጠራቀመውን ከተበላሹ ኮምፒውተሮችና ማተሚያዎች ጋር በዝርዝር መዝግቦ ለአስተዳደሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ማሳወቅና አወጋገዱን መጠየቅ ተገቢ ነው። እንደ ካኖንና ኤችፒ ያሉ አምራቾች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ያለቀ ካርትሬጅ ይሰበስባሉ፤ ስለዚህ ግዢ ክፍሉ በብዛት ሲገዛ አቅራቢው ባዶውን መልሶ እንዲረከብ በውሉ ውስጥ አንድ መስመር ማስገባት ይችላል። ርክክቡም በቁጥርና በሞዴል ይሁን፤ ለምሳሌ «12ኤ፦ 14፣ 85ኤ፦ 9» ተብሎ ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙ፤ አንዱም ቅጂ ከንብረት ክፍሉ ፋይል ጋር ይያያዝ።