በር የሚከፍት ኤፒአይ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቤቱን በስልክ መቆጣጠር የጀመረ ሰው መብራት ላይ አያቆምም። ካሜራ ይጨምራል፤ ከዚያ የጋራዥ በር፤ ከዚያ የዋናው በር ቁልፍ። ከጀርባ ሆኖ ሁሉን የሚያዘው ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተጽፎ የተረሳው ያው ኤፒአይ ነው፤ ማለትም ከስልኩ ትእዛዝ ተቀብሎ መሣሪያዎቹን የሚያዝ የፕሮግራም መግቢያ። መብራት ብቻ ሲያበራ ማንም ቢነካካው ግድ አልነበረም። በር መክፈት ከጀመረ ግን ቁልፍ ሆኗል። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ፖርት ከፍቶ ኢንተርኔት ላይ ማስጣት

"ከውጭ ሆኜም ልጠቀምበት" ተብሎ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ ቤት የሚያስገባ ቀዳዳ) ይከፈታል። "የእኔን አድራሻ ማን ያውቀዋል?" የሚለው ማጽናኛ አይሠራም። የአይፒቪ4 አድራሻ (መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት የተለመደው ቁጥር) በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ይህን ሁሉ ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ። ሾዳን የሚባለው የፍለጋ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራው ይሄው ነው። በ2016 የተነሣው ሚራይ የሚባለው ተንኮለኛ ፕሮግራምም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የሰበሰበው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም። ከፋብሪካ ይዘዋቸው የመጡትን 60 ገደማ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እየሞከረ ነው።

ከውጭ መግባት ካስፈለገ ቪፒኤን (ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ተጠቀሙ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዋየርጋርድ ቁልፉ ለሌለው ጠያቂ ጭራሽ መልስ አይሰጥም፤ ለሚያስሰው ሰው የሌለ ይመስላል። ራውተሩ ላይ ያለውን ዩፒኤንፒ የሚባል ቅንብርም አጥፉት። እሱ ክፍት ከሆነ መሣሪያዎቹ እናንተን ሳይጠይቁ ፖርት ያስከፍታሉ።

"ዋይፋዩ ውስጥ ያለ ሁሉ ዘመድ ነው" ማለት

"ከውጭ ካልተከፈተ ቶክን ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ብሮውዘሩን ረስቷል። (ቶክን ትእዛዝ ላኪው እንደ ይለፍ ቃል የሚያሳየው ምስጢራዊ ጽሑፍ ነው።) ተንኮለኛ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ኮዱ የሚሠራው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዋይፋዩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮዱ በ192.168 ወደሚጀምረው አድራሻ ትእዛዝ ለመላክ መሞከር ይችላል። ሴም ኦሪጅን የሚባለው የብሮውዘር ገደብ በአብዛኛው የሚከለክለው መልሱን ማንበብ ነው፤ ቀለል ያለው ትእዛዝ ግን ብዙ ጊዜ ይሄዳል። በሩ ከተከፈተለት በኋላ መልሱን ባያነብ ምን ቸገረው? ውስጥ ለውስጥም ቢሆን ቶክን ያልያዘ ጥያቄ አይስተናገድ።

በሊንክ በር መክፈት

ይቺ የእኔ ናት። ጋራዡን የሚከፍተው ትእዛዝ ጌት ነበር፣ ሊንክ ሲከፈት የሚላከው ዓይነት ጥያቄ፤ ቶክኑም እዚያው አድራሻው ላይ ተለጥፏል። ለእህቴ "ስትደርሺ ይቺን ንኪያት" ብዬ ሊንኩን በመልእክት ላክሁላት። እሷ ገና መንገድ ላይ ናት፣ መልእክቱን አላየችውም። እኔ ግቢ ውስጥ ቆሜ ጋራዡ እየተንሿሿ ተከፈተ። ለካ የመልእክት መተግበሪያው የሊንኩን ቅድመ እይታ ለማሳየት ቀድሞ ከፍቶታል። ጥፋቱ የመተግበሪያው አይደለም። ጌት ለማንበብ የተሠራ ነው፤ ማንም ሶፍትዌር እንደልቡ ቢጠራው ጉዳት የለውም ተብሎ ይታሰባል። ነገር የሚለውጥ ትእዛዝ ለዚያው በተሠራው የጥያቄ ዓይነት፣ በፖስት ይሁን። ቶክኑም ከአድራሻው ወጥቶ ሄደር (ከጥያቄው ጋር ለብቻ የሚላክ መረጃ) ውስጥ ይግባ፤ አድራሻ የብሮውዘር ታሪክ ውስጥም የሰርቨር ሎግ (መዝገብ) ውስጥም ይቀራል።

እግረ መንገዴን፣ "ቀይር" (ዝግ ከሆነ ክፈት፣ ክፍት ከሆነ ዝጋ) የሚል ትእዛዝ አትጻፉ። ኔትወርክ ተቆራርጦ መተግበሪያው ድጋሚ ቢልክ የተዘጋው በር ተመልሶ ይከፈታል። "ዝጋ" ግን አሥር ጊዜ ቢላክም ዝግ ነው።

ለሁሉም አንድ ቶክን

ሆም አሲስታንት በሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚወጣው የረጅም ጊዜ ቶክን ለ10 ዓመት ይሠራል። ያንኑ ቶክን ስልኩም፣ ስክሪፕቱም፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትርም ይዞት ይገኛል። ሰው ቴርሞሜትሩን ነቅሎ ቢሄድስ? የማስታወሻው ቺፕ (ፍላሹ) ካልተመሰጠረ፣ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ውስጥ በሚገኘው ኢኤስፒ32 በሚባል አነስተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን በኬብል ማንበብ ይቻላል። ከዚያ የሙቀት መለኪያው የበር ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቶክን ስጡት፤ መሥራት የሚችለውንም ገድቡ። ቴርሞሜትር ሙቀት ይላክ፣ በቃ። ቶክኑ ተሳስቶ ጊት (የኮድን ለውጦች ሁሉ የሚመዘግብ ሶፍትዌር) ላይ ከወጣ ደግሞ ፋይሉን ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ ታሪኩ ውስጥ አለ። ቶክኑን ሰርዛችሁ ሌላ አውጡ።

የሰርተፊኬት ማረጋገጫን ማጥፋት

ሰርተፊኬት ሰርቨሩ ራሱ መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያ ነው። የሰርተፊኬት ስህተት ሲያስቸግር ኮዱ ላይ "አታረጋግጥ" የምትለውን መስመር መጨመር ይቀላል። ግንኙነቱ አሁንም የተመሰጠረ ነው፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይታወቅም። የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁ ሰርተፊኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የዶሜይኑን ባለቤትነት በዲኤንኤስ (በዶሜይን ስም መዝገብ) በኩል አረጋግጦ ይሰጣችኋል፤ ፖርት መክፈትም አያስፈልግም።

ሙከራ አለመቁጠር

ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 ዓይነት ነው። በሰከንድ 10 የሚሞክር ስክሪፕት ሁሉንም በ17 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። እኔ 5 ጊዜ ከተሳሳተ ለ15 ደቂቃ እንዲቆለፍ አደረግሁ። ግን ቆጠራውን ለሁሉም በአንድ ላይ አድርጌው ኖሮ፣ አንድ የተበላሸ ስክሪፕት እየሞከረ እኔኑ ደጅ አስቀረኝ። አሁን በየመሣሪያው ነው የሚቆጠረው። የብረቱ ቁልፍም ኪሴ ውስጥ ነው።